ቀጭ ብላ የማትነሳ መኪና፦ የሞተር ማስነሳት ሙያ ታሪክ ከ1900 ዓ.ም. እስከ ኮዬ ፈጬ

የመኪና ሞተር ብዙ ጉልበት ያለው መሣሪያ ቢሆንም ራሱን በራሱ ማስነሳት አይችልም። በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር እሳቱ ተለኩሶ፣ ውሃው ፈልቶ ግፊቱ ከተጠራቀመ በኋላ ከቆመበት ተነሥቶ ጭነት መጎተት ይችላል፤ ቤንዚን ወይም ናፍጣ በውስጡ የሚያቃጥል ሞተር ግን አየር ስቦ፣ ጨምቆና ነዳጁን አቃጥሎ የመጀመሪያውን ኃይል እስኪያገኝ ድረስ ከውጭ በሚመጣ ጉልበት መዞር አለበት። ይህን የመጀመሪያ ዙር የሚሰጠው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለፉት 120 ዓመታት ገደማ የተሰጠው መልስ ከሰው ክንድ ወደ ባትሪና ሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር አስነሺ)፣ በቅርቡ ደግሞ ሞተሪኖ ወደሌላት የኤሌክትሪክ መኪና ተሸጋግሯል። በዚህ ሽግግር መካከል የተወለደ አንድ ሙያ አለ፤ ይኸውም ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብላ የማትነሳን መኪና መርምሮ የማስነሳት ሙያ ነው። ይህ ሙያ ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ፣ በጣሊያን ጋራዦችና በመርካቶ በኩል አልፎ፣ ዛሬ እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ አዳዲስ የከተማ ዳርቻዎች እስኪደርስ ድረስ የተጓዘበት መንገድ በጽሑፍ እምብዛም አልተመዘገበም፤ ሆኖም የአገሪቱ ዘመናዊ የእጅ ሙያ እንዴት እንደተገነባ ከሚያሳዩት መንገዶች አንዱ ነው።

የክንድ ዘመን

በሞተር ኃይል እየተንቀሳቀሱ አዲስ አበባ ከገቡት ከባድ መሣሪያዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የጠራው የመንገድ መዳመጫ ነው። መሣሪያው በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበረ የሚጠይቀው እንጨት፣ ውሃና ትዕግሥት እንጂ አስነሺ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1907 መገባደጃ) እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ «ሲድሊ» የተባለችውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አስነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ መኪና ይዞ ሲከተል፣ አገሪቱ ከአዲስ ዓይነት ሞተር ጋር ተዋወቀች። ይህ ሞተር እሳት አንድዶ መጠበቅን የማይፈልግ፣ ነገር ግን በተነሣ ቁጥር የሰው ክንድ የሚፈልግ ነበር።

የዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው ከሞተሩ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ በሚገባ ቆልማማ የብረት እጀታ፣ ማለትም በማኖቬላ ነበር። አስነሺው በመጀመሪያ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ነዳጁ እንዲበዛ አየሩን ያፍናል፤ ከዚያም የእሳት ብልጭታው ወደ ኋላ እንዲዘገይ መሪው አጠገብ ያለችውን ማስተካከያ ያንቀሳቅሳል። ይህ የመጨረሻው ተግባር ከተዘነጋ ነዳጁ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ስለሚቀጣጠል ሞተሩ ወደ ኋላ ይፈናጠርና እጀታውን የያዘውን ክንድ ሊሰብር ይችላል። ልምድ ያለው አስነሺ አውራ ጣቱን በእጀታው ላይ ጠምጥሞ አይዝም፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ ከታች ወደ ላይ ይስባል፤ ይህም እጀታው ተመልሶ ቢመታ እጁ እንዲለቀቅ ነው። ስለዚህ መኪና ማስነሳት ገና ከጅምሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ዕውቀት ነበር፤ ይህ ጠባይ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ያልቀየሩት ነው።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት መኪና መግዛት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ቶሎ የተረዳ ይመስላል፤ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ ተሰማ፣ የመኪናን ሙያ ተምሮ እንዲመለስ ወደ ጀርመን ተላከ። ተሰማ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በርሊን ሳለ በሸክላ ባስቀዳቸው ዜማዎችና በግጥሙ ነው፤ ይሁን እንጂ የተላከበት ጉዳይ ሲታሰብ፣ በመንግሥት ትእዛዝ መኪናን ሊማር ባሕር ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውን ባለእጅ በሙያው መስደብን የሚያወግዝ አዋጅ አውጥተዋል። የመኪናው መግባትና አዋጁ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው በዕቅድ የተደረገ ነው ማለት ባይቻልም፣ ብረት የሚነካ እጅ በተናቀበት አገር ውስጥ በብረት የተሠራ ተሽከርካሪ የገባው፣ የባለእጅ ክብር በአዋጅ ደረጃ መነጋገሪያ በሆነበት ጊዜ መሆኑን ያሳያል። በዘይት የጨቀየ እጅ ቀስ በቀስ የተከበረ መተዳደሪያ ለመሆን የበቃው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ባሉት ትውልዶች ነው።

የሞተሪኖ መምጣት

እጀታ ማዞርን ያስቀረው ፈጠራ በአሜሪካ የተገኘ ሲሆን፣ ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 ያዘጋጀውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ አስነሺ ካዲላክ ኩባንያ በ1912 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ገጠመው። ከዚያ በፊት ብዙዎች ፈጠራውን የማይቻል አድርገው ያዩት፣ ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመኪናው እኩል ሊገዝፍ ነው ብለው ስላሰቡ ነበር፤ ኬተሪንግ ግን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከመደበኛ ዐቅሙ በላይ ቢጫንም ሳይቃጠል ሥራውን ጨርሶ ሊያርፍ እንደሚችል አስተዋለ። ይህን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ መልቀቅ የሚችለው ዕቃ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም በመሠረቱ ሳይለወጥ በብዙ መኪኖች ኮፋኖ ሥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1919 ፎርድ በሞዴል ቲ ላይም አስነሺውን ማቅረብ ሲጀምር የእጀታው ዘመን ማክተም ጀመረ።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ ቴክኖሎጂ በስፋት የገባው በመከራ መንገድ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለጦር ሠራዊቱ ማመላለሻ መንገዶች ሲቀደዱ፣ በርካታ የጭነት መኪኖችና እነሱን የሚጠግኑ ጋራዦች አብረው ገቡ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ከጣሊያን መካኒኮች አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ቀርተው ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ ዕቃ በማቀበልና ብረት በማጠብ የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ከእጃቸው ቀሰሙ። ሞተሪኖ፣ ቮላኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚባሉት የዕቃ ስሞች እስከ ዛሬ በጋራዥ ውስጥ ሳይለወጡ የሚነገሩት ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮና በእጅ ስለተላለፈ ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ ይህን ዕውቀት በሥርዓተ ትምህርት ለማስያዝ የተደረገ ቀደምት ጥረት ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን ባስፋፋ ቁጥር የመኪናውም፣ የጠጋኙም ቁጥር አብሮ አደገ።

በዚህ ወቅት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከገነኑት መካከል ሰይቼንቶ የምትባለው ፊያት 600፣ ቮልስ የምትባለው ቮልስዋገንና ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ይገኙበታል። የድሮዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ስለነበሩ ባለቤቶቻቸውን ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ አስተምረዋል፤ ምክንያቱም ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ያንኑ ኃይል ለማግኘት የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በእጥፍ መጨመር ስላለበት፣ በባትሪው ጫፍ ላይ የሚፈጠር ጥቂት ዝገት እንኳ መኪናዋን ያስቆማት ነበር። መፍትሔው በየሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ፔዳል) ተረግጦ መኪናዋ ትገፋለች፤ ፍጥነት ስታገኝ ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ቁልቁለት የበዛባት አዲስ አበባ ለዚህ አመቺ ስለሆነች፣ ባትሪው የደከመበት ሰው ማታ ሲገባ መኪናውን አፏን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ማቆሙ የተለመደ ጥንቃቄ ነበር። ሆኖም መግፋት መኪናዋን ከቦታዋ ያነሣታል እንጂ ሕመሟን አይነግርም፤ የምርመራ ሙያ የተፈለገውም ለዚህ ነው።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚናገረው

የሙያውን እምብርት ለመረዳት በዚያች አጭር ድምፅ ውስጥ የሚሆነውን መከተል ያስፈልጋል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ከቁልፉ የሚነሣው ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ሞተሪኖውን አያዞርም፤ በሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተገጠመውን ሶሌኖይድ፣ ማለትም በመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚንቀሳቀስ የብረት ዘንግ ያለበትን ማግኔት ያነሣሣል። ዘንጉ ሲሳብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በአንድ ጫፉ ቤንዲክስ የሚባለውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ መንኮራኩር፣ ጥርስ ጋር ያጋጥማል፣ በሌላው ጫፉ ሁለት ወፋፍራም የመዳብ መገናኛዎችን አገናኝቶ የባትሪው ሙሉ ኃይል ወደ ሞተሪኖው እንዲፈስ ያደርጋል። «ቀጭ» የሚለው ይህ ዘንግ ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከተሰማ ቁልፉ፣ ቀጭኑ ሽቦና ማግኔቱ ቢያንስ በከፊል እየሠሩ ናቸው ማለት ነው፤ ምንም ድምፅ ከሌለ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት፣ ማለትም በቁልፉ፣ በፊውዙ፣ በሪሌው ወይም በአውቶማቲክ መኪና ላይ ማርሹ ፓርክ ወይም ዜሮ ላይ መሆኑን በሚጠብቀው ማብሪያ ላይ ይፈለጋል።

ድምፁ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ የሚደጋገመው ሲሆን፣ ትርጉሙ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የኃይል ማነስ ነው፤ መገናኛዎቹ ሲነካኩ ሞተሪኖው ብዙ ኤሌክትሪክ ለመሳብ ይሞክራል፣ ባትሪው መስጠት ስለማይችል ቮልቱ ይወድቃል፣ ቮልቱ ሲወድቅ ማግኔቱ ዘንጉን መያዝ ያቅተዋል፣ ዘንጉ በስፕሪንጉ ሲመለስ ጭነቱ ይነሣና ቮልቱ ያገግማል፣ ማግኔቱም እንደገና ይስባል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚለው ነው፤ ይህ የመዳብ መገናኛዎቹ መቃጠላቸውን፣ በሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች ማለቃቸውን ወይም መቀርቀራቸውን፣ አንዳንዴም የሞተሩ ራሱ መንከስ ማለትም መዞር አለመቻልን ያመለክታል።

ብዙ ባለመኪና የሚሳሳተው «መብራቱ እየበራ፣ ሬዲዮው እየሠራ ባትሪው እንዴት ይደክማል?» በሚለው ላይ ነው። መልሱ በትንሽ ስሌት ይገኛል። በባትሪው ጫፍና በገመዱ መያዣ መካከል የተፈጠረው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት 0.03 ኦም ያህል ብቻ ቢያግድ፣ ግማሽ አምፔር እንኳ የማትስብ የውስጥ መብራት ስትበራ የሚጠፋው ከ0.02 ቮልት በታች ነው፤ ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲስብ ግን በዚያው ቦታ 4.5 ቮልት ይጠፋል፣ ከ12 ቮልቱ ለሥራ የሚተርፈውም ሞተሩን ለማዞር አይበቃም። አንድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ሳይጫን 12.6 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ለሥራ ብቁ አይደለም፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልሰጠ ደግሞ አዲስ የተገዛው ባትሪም ነገ ተመልሶ ይደክማል።

ከዚህ የተነሣ የመልካም ኤሌክትሪሺያን አካሄድ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጭው ወደ ውስጡ ነው። በመጀመሪያ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ያስዞራል፤ መብራቱ ጨርሶ ከደበዘዘ ባትሪውን ወይም ገመዱን ይጠረጥራል፣ ካልደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ እንዳልሆነ ይረዳል። ቀጥሎ የባትሪውን ጫፎች በእጁ ያወዛውዛል፤ የሚላወስ ከሆነ በ10 ቁልፍ ፈትቶ፣ በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጎ መልሶ ያጠብቃል። ከዚያ ማሳ የሚባለውን፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነሥቶ ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ገመድ ያያል፤ ይህ ገመድ ከታች ስለሚደበቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ሲያስፈልግ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ያገናኝና የኔጌቲቩን የመጨረሻ ጫፍ ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተሩ ብረት ላይ ያስራል፤ ባትሪው የሚተነፍሰው ሃይድሮጅን በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብቻ የሚል ከሆነ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ከተመታ በኋላ ከተነሣ የተቀረቀረው ካርቦን ቦታውን ይዟል ማለት ነውና ሞተሪኖው የሚፈታበት ጊዜ ደርሷል። ሞተሪኖ መፍታት የምርመራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አለመሆኑ የዚህ ሙያ ዋና ሕግ ነው።

የእጥረት ዘመንና ሱማሌ ተራ

በ1967 ዓ.ም. ሰፋፊ የንግድና የኢንዱስትሪ ድርጅቶች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ የውጭ ምንዛሪ እየጠበበ፣ ለግል መኪና የሚመጣው መለዋወጫም እየተመናመነ ሄደ። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ላዳዎች ታክሲ ሆነው ከተማውን ሲያገለግሉ፣ ቀደም ብለው የገቡት የአውሮፓና የጃፓን መኪኖች ደግሞ በጥገና ዕድሜያቸውን ማራዘም ግድ ሆነባቸው። በዚህ ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕቃ ቀያሪ ከመሆን ይልቅ ዕቃ አዳሽ ሆነ፤ የተቃጠለ የሞተሪኖ ጥቅል ሽቦው ተፈትቶ እንደገና ይጠቀለላል፤ የጎደጎደው የመዳብ ከበሮ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፤ የራሱ ካርቦን ያልተገኘለት ሞተሪኖ ከትልቅ መኪና የተወሰደ ካርቦን በሞረድ ተሞርዶ ይገጠምለታል፤ በአንድ ወገን የተበላ የመዳብ መገናኛ ተገልብጦ በሌላው ወገኑ ያገለግላል።

የዚህ የማደስ ባህል ትልቁ መዲና በመርካቶ የሚገኘው ሱማሌ ተራ ነው። አዲስም አሮጌም መለዋወጫ በሚሸጥበት በዚህ ሰፈር አንድ ሞተሪኖ በሞዴል ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በጥርሱ ብዛት፣ በእግሩ ቀዳዳ አቀማመጥና በሚዞርበት አቅጣጫ ይለያል፤ ነጋዴውም ሠራተኛውም ዕቃውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከባትሪ ጋር አገናኝተው ሲዞር ሳያዩ ገንዘብ አይቀባበሉም። ይህ ሙከራ ጠቃሚ ቢሆንም ጉድለት አለው፤ ሞተሪኖ ያለ ጭነት በአየር ላይ ሲዞር ጤነኛ መስሎ ሞተር ላይ ሲገጠም ሊያቅተው ይችላል። በሁለት ሽቦና በአንድ አምፖል የሚሠራው የሰፈር ኤሌክትሪሺያን የሙከራ መብራትም ተመሳሳይ ድክመት አለበት፤ አምፖሏ የምትስበው ጥቂት ስለሆነ በዛገ ገመድ ላይም ትበራለች። ልምድ ያለውን ባለሙያ ከጀማሪው የሚለየው ይህን ማወቁ ነው፤ እሱ ኤሌክትሪኩን የሚፈትነው ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው በሚጫንበት ቅጽበት ነው፤ ገመዱን ዳብሶ የሚሞቀውን ጫፍም ይለያል፣ ምክንያቱም ኃይሉ ከሚጠፋበት ቦታ ላይ ሙቀት አይጠፋም።

ሙያው የተላለፈውም በዚህ መልክ ነው። ለማጁ በመጀመሪያ ዓመታቱ ቁልፍ ያቀብላል፣ ብረት ያጥባል፣ ባትሪ ተሸክሞ ቻርጅ ቤት ያመላልሳል፤ ቀጥሎ ዝገት እንዲፈትግ ይፈቀድለታል፤ በመጨረሻ ድምፅ ሰምቶ እንዲናገር ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት ጥልቅ ዕውቀት አፍርቷል፤ ዋጋም አስከፍሏል። አሲድ በባዶ እጅ መነካቱ፣ የእርሳስ ብናኝ መተንፈሱና አሮጌ ባትሪ በመኖሪያ ሰፈር መሰባበሩ በብዙ ወጣቶች ጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል። ስለ ሙያው ክብር የሚጻፍ ታሪክ ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ኮዬ ፈጬ

ኮዬ ፈጬ ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ አቅራቢያ የተዘረጋ ሰፈር ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች በጥቁሩ መሬት ላይ ጤፍ፣ ስንዴና ጥራጥሬ የሚያመርቱበት ገጠር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር የከተማዋን ጠርዝ እየገፋ ሲሄድ ከትላልቆቹ የጋራ መኖሪያ መንደሮች አንዱ እዚህ ቆመ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በመላ ከተማው ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በወጣበት ጊዜ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ከመካከላቸው ስለነበሩ፣ የመሬቱ ባለቤትነትና የተነሡት ገበሬዎች ዕጣ ፈንታ የብርቱ ተቃውሞ ምክንያት ሆነ። ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ በነዋሪ ሲሞላ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በቅርብ የሚገኝ የዕውቀት ተቋም ሆኖ አብሮት አድጓል።

እንዲህ ያለው ሰፈር ለባትሪ ከባድ ፈተና ነው። መኪኖቹ በሕንፃዎቹ መካከል በሜዳ ላይ ያድራሉ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የባትሪው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፣ የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል፤ በዚህም ምክንያት ከባትሪው የሚጠየቀው ኃይል የሚጨምረው የሚሰጠው ኃይል በሚቀንስበት ሰዓት ላይ ነው። ወደ መሃል ከተማ በሚደረገው ጉዞ ሞተሩ ረጅም ሰዓት በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ በዝግታ ሲሠራ ዲናሞው ባትሪውን እንደሚገባ አይሞላውም፤ ነዳጅ ለመቆጠብ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀናት ሙሉ የሚያቆማትን መኪና ማስጠንቀቂያ መሣሪያዋ ብቻ ጥቂት በጥቂት ያደክማታል። መግፋትም እንደ ቀድሞው መፍትሔ አይደለም፤ በሰፈሩ ከሚታዩት እንደ ቶዮታ ቪትስ ካሉ አነስተኛ መኪኖች ብዙዎቹ አውቶማቲክ ስለሆኑ ጎማው ሞተሩን ሊያዞረው አይችልም። ሱማሌ ተራ ደግሞ ከዚህ ሩቅ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በመንገድ ዳር አንድ ባትሪ፣ አንድ ጥንድ ወፍራም ገመድ፣ ጥቂት ቁልፎችና ቮልት መለኪያ ይዞ የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል፤ ስለዚህ የዚህ ባለሙያ ትክክለኛ ምርመራ በቀጥታ የቤተሰብ ገቢ ጉዳይ ነው። የዛገ የባትሪ ጫፍ በደቂቃዎች ተፈትጎ ይጠገናል፤ ምርመራው ተዘልሎ ሞተሪኖ ከተቀየረ ግን ባለመኪናው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በማግስቱ ወደዚያው «ቀጭ» ይመለሳል።

ሞተሪኖ የሌላት መኪና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያሳውቅ፣ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እርምጃ በመውሰድ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በኮዬ ፈጬ ጎዳናዎች ላይ መታየት ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ እንፋሎቱ ሁሉ ከቆመበት ተነሥቶ መጎተት ስለሚችል፣ እነዚህ መኪኖች ማኖቬላም፣ ቮላኖም፣ ሞተሪኖም አያስፈልጋቸውም። ይህን አይቶ የአስነሺው ሙያ አበቃለት ማለት ግን ስሕተት ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ በተጨማሪ ኮምፒውተሩን፣ መብራቱንና ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ይህ ሲደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሣም፤ ሪሌዎቿም ጥቂት ቀጭ ቀጭ ብለው ዝም ይላሉ። ልዩነቱ ከትንሿ ባትሪ ጎን ያለው ትልቁ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ፣ ያለ ሥልጠና የሚነካውን ሰው ሊገድል የሚችል መሆኑ ነው።

በመሆኑም የቀደመው ዘመን ዕውቀት የሚጣል ሳይሆን የሚሻገር ነው። ድምፅ ሰምቶ ምክንያት መለየት፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ፣ ኃይልን ጭነት ላይ እያለ መለካትና ሳያረጋግጡ አለመፍታት በማኖቬላም፣ በቮልስም፣ በኤሌክትሪክ መኪናም ላይ የሚሠሩ ሕጎች ናቸው። እነዚህ ሕጎች እስከ ዛሬ የቆዩት በየጋራዡ ከመምህር ወደ ለማጅ በቃል ስለተላለፉ ነው፤ አዲሱ ከፍተኛ ቮልት ግን በስሕተት ለመማር ጊዜ አይሰጥም። ምኒልክ አንድን ሰው መኪና እንዲማር ባሕር ማዶ በላኩበት ዘመን ትምህርቱ ሩቅ ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲውና የመንገድ ዳሩ ኤሌክትሪሺያን በአንድ አካባቢ ጎረቤታሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የከፍተኛ ቮልትን አደጋና መከላከያውን ለመንገድ ዳሩ ባለሙያ ቢያስተምር፣ ባለሙያውም በአስርት ዓመታት የካበተውን የምርመራ ሥርዓት ለተማሪው ቢያሳይና ይህም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በአመዛኙ በእጅ ሲወራረስ የኖረው ሙያ በመጽሐፍም የሚወረስ ይሆናል።